የዳልቺት ግራ ጎን

የአዋሹ ጋሽ ከድሩ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ አባት ርስት ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ከወሎ ወርደው አዋሽ ላይ የጎሚስታ ሥራ በጀመሩበት ዘመን፣ ጎማው የተበሳበትን ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» ብለው ይጠይቁት ነበር ይባላል። ሻይ ቤት ሲገቡ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ካላዩ አይጠጡም። እንዲህ ያለ ሰው ከሰመራ ወደ አዋሽ በሚመለስ አውቶብስ ውስጥ ከማያውቃት ወጣት ጎን ሲቀመጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ማድረጉ አይቀርም። ጋሽ ከድሩም አደረጉት፤ በሁለት እጃቸውም ያዙት።

የዚያን ቀን ግን ጥርጣሬያቸው የባሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳልቺት ጠፍታለች። ዳልቺት ማለት ጎሚስታውን ለልጃቸው ለቀው ከብት ማርባት ከጀመሩ ወዲህ ከሁሉም አብልጠው የሚወዷት ዳለቻ ግመል ናት። መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ግመል ምጧ ሲቀርብ ከመንጋው መለየት ትወዳለች፤ ዳልቺትም አንድ ማለዳ ብቻዋን ወጥታ ቀረች። ተገዝታ የመጣችው ከገዋኔ ስለሆነ ወደዚያው ሳታቀና አትቀርም ተባለ። በረሃ ላይ ብትወልድ ግልገሉ የጅብ ራት ነው። ከሰው መንጋ ተቀላቅላ ብትወልድ ደግሞ፣ ምልክት ያልተደረገበት ግልገል የማን እንደሆነ ማን ይመሰክራል? ጋሽ ከድሩ ይህን እያሰቡ እህል አልወርድ ብሏቸው ሰነበቱ።

የእኅታቸው ልጅ ሙእሚን የመኪና ረዳት ነው። «አጎቴ፣ አይስጉ» አለና ስልኩ ላይ የነበረውን የዳልቺትን ፎቶ ከእሳቸው ስልክ ቁጥር ጋር ጅቡቲ መንገድ ላይ የሚመላለሱ ሹፌሮች በሚጻጻፉበት ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከዚህ ፎቶ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ ከሰመራ አጠገብ አንድ ሰው «ግመልዎ እኔ ጋ ነች፣ ይምጡ» ብሎ ደወለ፤ ጋሽ ከድሩ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ቢያዩ ወንድ ግመል ሆኖ አገኙት። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሀሰን የሚባል የገዋኔ አርብቶ አደር ደውሎ «ምልክቱ ቀኝ ታፋዋ ላይ ነው። በቀኝ የሚያደርገው ሌላ ቤተሰብ ነው። የሰው ግመል ለምን ትፈልጋለህ?» አለና ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ጋሽ ከድሩ ፎቶውን ዓይናቸው እስኪያለቅስ ቢያፈጡበት ምልክት የሚባል ነገር አይታያቸውም፤ የሚታያቸው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው ግመሌን ደብቋታል፣ ወሬ ፈጥሮ ሊያባርረኝ ነው» ብለው ደመደሙ።

አውቶብሱ ሰመራን ለቆ ሜዳው ላይ ሲወጣ ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ ፎቶ ማየት ጀመሩ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ሳታስበው ዓይኗ ሄደ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግመሏ የእርስዎ ናት?» አለች።

ጋሽ ከድሩ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «የሰው ስልክ ማጮለቅ የት አገር ነው የተለመደው?»

«እውነትዎን ነው፣ ነውር ነው። ሥራዬ ስለሆነ ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ። አፍናን እባላለሁ። ሰመራ የእንስሳት ጤና ተምሬ አሁን መልካ ወረር ነው የምሠራው። የታመመ ከብት ፎቶ እያነሳሁ ርቀው ላሉ ሐኪሞች እልካለሁ። እንዲህ ያለ ፎቶ ሳይ ከብቱን ትቼ እኔ እታመማለሁ።»

«ፎቶው ምን ሆነ? ግመል ነው፤ ግመል ይታያል።»

«ሴት ናት ወይስ ወንድ?»

ያ የሰመራው ወንድ ግመል በጋሽ ከድሩ ፊት መጥቶ ድቅን አለ።

እውነቱን ለመናገር ፎቶው ጉድ ነበር። ግማሹን የሙእሚን ጥርስ ይዞታል። ዳልቺት ከኋላው በጎኗ ቆማለች፤ የፊት እግሮቿ ከጉልበታቸው ተቆርጠው ቀርተዋል፤ ፀሐዩ ከጀርባዋ ስለመጣ ጎኗ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ምድሩም ወደ አንድ ጎን ስላዘነበለ ግመሏ ቁልቁል የምትንሸራተት ትመስላለች። ከእሷ ወዲያ ደግሞ ከግቢያቸው በር ላይ የቆመ የውሃ ቦቴ አለ።

«እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች አፍናን። «ግመል ሊገዙ ገበያ ሲወጡ እንዴት አድርገው ነው የሚያዩት?»

ለጋሽ ከድሩ ይህ የሚወዱት ጨዋታ ነው። ቦርሳውን የያዘው እጃቸው ላላ አለ። «ይህማ ምን ይጠየቃል? መጀመሪያ ፀሐዩን ወደ ጀርባዬ አደርጋለሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣብኝ ደላላው የፈለገውን ይሸጥልኛል። ከዚያ ‹ከመንጋው ነጥለህ አቁምልኝ› እላለሁ፤ ከኋላው ሌላ ከቆመ የማን እግር የማን እንደሆነ አይለይም። ከጎኑ ሆኜ አራቱም እግሩ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ኋላ እላለሁ። በመጨረሻ ቁጢጥ ብዬ አየዋለሁ። ከላይ ወደ ታች የታየ ከብት ቁመቱ አይታወቅም።»

«ጋሼ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩትን እርስዎ ገበያ ላይ ያውቁታል ማለት ነው! ጥሩ ፎቶ ማለት ይኸው ነው። ብርሃኑ ከአንሺው ጀርባ፣ ከብቱ ከሌላው ተነጥሎ፣ ሙሉ ጎኑ፣ ሙሉ እግሩ፣ አንሺው ዝቅ ብሎ። ከአፍንጫው ፊት ለፊትም ትንሽ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ አለዚያ ግድግዳ የገጨ ይመስላል። ሙእሚን እርስዎ ገበያ ላይ የማያደርጉትን ሁሉ አደረገ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ጋሽ ከድሩ፣ ሙእሚንን ማለታቸው ነው። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠበቀ። «የሆነው ሆኗል። ዳልቺት አሁን የለችም፤ እንደገና አቁመን አናነሳትም። የቀረው ይህ ነው።»

«የቀረውን ማሻሻል ይቻላል። ኤዲት እናድርገው።»

ጋሽ ከድሩ ይህችን ቃል ሲጠብቁ እንደነበር ሁሉ ተመቻችተው ተቀመጡ። «አየሽ፣ እዚህ ላይ ተለያየን። እኔ ድሮ ጎሚስታ ነበርኩ፤ መንገድ ላይም ገበያ ላይም ያላየሁት ተንኮል የለም። ጨው አልሰው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ሆዱን ነፍተው ‹ወፍራም ነው› ብለው የሚሸጡ አሉ። ያረጀውን ቅቤ ቀብተው ጎረምሳ የሚያደርጉም አሉ። ኤዲት የምትሉትም ያው ነው፤ በስልክ ሆነ እንጂ።»

«ከብቱን ገበያ ከመውሰድዎ በፊት ጭቃውን አያጥቡለትም?»

«አጥባለሁ።»

«ታዲያ ማጭበርበር ነው?»

«ጭቃ የአካሉ ክፍል አይደለማ!»

«ጥላም የዳልቺት አካል አይደለም። ጥላውን ማንሳት ማጠብ ነው። ሻኛ መጨመር ግን ጨው ማላስ ነው።»

«መጨመርስ ትችያለሽ?» አሏት፣ በጎን እያዩ።

«እችላለሁ» አለች አፍናን ሳትሸሽግ። «ስልኩ አይከለክለኝም። የሚከለክለኝ ህሊናዬ ነው። ለዚህ ነው ዋናው ፎቶ ሁልጊዜ ሳይነካ የሚቀመጠው። የምንሠራው ቅጂው ላይ ነው። የተጠራጠረ ሰው ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል።»

ይህ መልስ ጋሽ ከድሩን ከማረጋጋት ይልቅ አወካቸው። ‹አልችልም› ብትል ውሸቷን ባወቁ ነበር፤ ‹እችላለሁ› ያለችን ልጅ ምን ያደርጓታል? ሌላ ጥርጣሬ አመጡ። «ደግሞስ ጥርት አድርጌ ብለቃት የሰው ዓይን ቢገባትስ? ሌባውስ ‹እንዲህ ያለች ግመል ናት› ብሎ ቢፈልጋት?»

«ለዓይኑ ማሻአላህ ይበሉበት። ሌባው ግን ግመሏን ካገኘ ፎቶ ምን ይሠራለታል? እሷኑ እያየ ነው። ፎቶው የሚጠቅመው የሰው ገንዘብ እጁ ገብቶ ባለቤቱን ለሚፈልግ ሰው ነው። አሁን ያለው ፎቶ የከለከለው ደግሞ እሱን ነው።»

ጋሽ ከድሩ ግን በቀላሉ እጃቸውን አልሰጡም። «ስልኬን አልሰጥሽም» አሉ።

«አይስጡኝ። እርስዎ ይዘውት እኔ በአፌ ልምራዎ።»

እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ዋናውን አስቀመጡ፤ ከዚያ ቅጂውን ከፈቱ። ያዘነበለውን ምድር ሲያቃኑት ዳልቺት መንሸራተቷን ተወች። የሙእሚንን ፊት «ይቁረጡት» ስትላቸው ጋሽ ከድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ ታዘዙ። አፍናን ቀጥላ «ያ ከኋላ ያለው ቦቴም ይውጣ፣ ዓይን ይሻማል» አለች። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ቦቴው አይነካም! የቆመው የኔ በር ላይ ነው። ነገ ‹ይህች ግመል የት ነው የተነሳችው?› ብባል ምን ላሳይ ነው?»

«ለውበቱ ባይሆንም ለምስክርነቱ ይቆይ» አለች አፍናን፣ ከልቧ ባይሆንም። «አሁን ይህችን መስመር ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ይግፏት። ጥላው ውስጥ ያለውን ብርሃን ታወጣለች።»

ጋሽ ከድሩ ጣታቸውን በጥንቃቄ ገፉ። ጥቁሩ ጎን እየሳሳ ሄደ። ዳለቻው ጠጉር መጣ፤ የሆዷ ክብደት መጣ፤ ጡቷ ሞልቶ ታየ። ትንሽ ሲጨምሩበት ደግሞ ታፋዋ ላይ በጋለ ብረት የተደረገው ምልክት ብቅ አለ። ሁለት ቋሚ ጭረት፣ ከሥራቸው አንድ ቀለበት። የራሳቸው ምልክት ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። ጋሽ ከድሩ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ተመለከቱ፣ በእጃቸው አየር ላይ ለኩ፣ ራሳቸውን አዙረው አዩ። ምልክቱ ያለው በቀኝ ታፋዋ ነው።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?» አሉ በዝግታ።

«እኔ? ምንም! ጣቱ የእርስዎ ነው።»

«የኔ ምልክት በግራ ነው! ሽማግሌዎች ተሰብስበው ‹ከድሩ በግራ ያድርግ፣ በቀኝ የሚያደርግ ቤተሰብ አለ› ብለው የወሰኑልኝ ነው። ያንኑ ጭረት፣ ያንኑ ቀለበት በቀኝ ካደረግኩት የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ይህችን ብለቅ ምን እባላለሁ? ‹ግመል ሰርቆ አጎንብሶ› አይሉኝም? ያ ሀሰን የሚባለው ሰውዬ የነገረኝም ይህንኑ ነው። ለካ ተማክራችኋል!»

እውነት ለመናገር አፍናንም ምን እንደሆነ አልገባትም። ጋሽ ከድሩ ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡና በስተኋላ በኩል ከከረጢቶች መካከል ሄደው ተቀመጡ። መጠርጠር በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ክፋቱ ሰው ሁሉን ጠርጥሮ ሲጨርስ፣ መጀመሪያ ያየበትን መንገድ ሳይጠረጥር ሲቀር ነው።

አውቶብሱ ለምሳ ገዋኔ ሲቆም ተሳፋሪው ወረደ። ጋሽ ከድሩ ግን ምግብም አላሰኛቸውም። መንገዱን ሁሉ ፎቶውን ሲመረምሩ ነበር የመጡት፤ ሌላ ምን እንደለወጠችባቸው ሊያውቁ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አፍናን ከተቀመጠችበት መጥተው ስልኩን ከፊቷ ዘረጉት።

«ያዝኩሽ! ፊደሉንም አልተውሽውም። ቦቴው ላይ ‹የመጠጥ ውሃ› የሚል ነበር፤ በየቀኑ የማየው ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩ ነኝ፣ እየቆጠርኩም ቢሆን አነባለሁ። ይህ አማርኛ ነው? ዐረብኛ ነው? የምን አገር ጽሕፈት ነው?»

አፍናን ጽሕፈቱን አየችው። ከዚያ ፈገግታ ፊቷን ሞላው። ጋሽ ከድሩ ይህን ፈገግታ ንቀት መስሏቸው ሊቆጡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ እጅ መታጠቢያው ጋ ወሰደቻቸው። ከቧንቧው በላይ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት ተሰቅሏል።

«ስልኩን ፊት ለፊት ወደ መስታወቱ ይያዙልኝ። ስልኩን አይዩት፤ መስታወቱን ይዩ። ያንብቡ።»

ጋሽ ከድሩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አዩ። «የ...መ...ጠ...ጥ... ውሃ።» ቆሙ። ደግመው አነበቡት። «የመጠጥ ውሃ ይላል።»

«አሁን ዳልቺትን ይዩ።»

መስታወቱ ውስጥ ዳልቺት ዞራለች። ራሷ በሌላ በኩል ነው። ሁለቱ ጭረትና ቀለበቱ በግራ ታፋዋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጎሚስታ ነበርኩ አላሉኝም?» አለች አፍናን። «የኋላ መኪና በስፖኪዮ ሲታይ ታርጋው እንዴት ነው የሚነበበው?»

«በግልባጩ።»

«ሙእሚን ያነሳው በስልኩ የፊት ካሜራ ነው፤ ራሱም እንዲታይ። የፊት ካሜራ መስታወት ነው። አንዳንዱ ስልክ ሲያስቀምጠውም እንደ መስታወቱ አድርጎ ነው። ማንም አላጭበረበረም። ሙእሚን አላወቀም፣ እኔ አላስተዋልኩም፣ እርስዎ ግን ‹ቦቴው አይነካም› ብለው ማስረጃውን አተረፉት። እኔ ቆርጬው ቢሆን እስከ ዛሬ ማታ ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።»

ጋሽ ከድሩ ከመስታወቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «አንቺን ጠረጠርኩ» አሉ። «ሰውዬውንም ጠረጠርኩ። አስተግፊሩላህ! እሱ እኮ ያየውን ነው የተናገረው።»

እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆመው ፎቶውን በገዛ ጣታቸው ገለበጡት። ግመሏ በግራ ጎኗ ዞረች፤ ቦቴው አማርኛ ተናገረ። ከሥሩም ምልክቱ የት እንደሆነ፣ ለመውለድ የደረሰች መሆኗን፣ የመጀመሪያው ፎቶ በግልባጭ የተነሳ መሆኑን አፍናን ፊደሉን እያሳየቻቸው ጽፈው ሁለቱንም ፎቶ ጎን ለጎን ለሹፌሮቹም ለሀሰንም ላኩ። ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ስልኩ ጮኸ። ሀሰን «የት ነህ?» አለ። ነገሩት። «ከዚያ እንዳትሄድ» ብሎ ዘጋው።

የአውቶብሱ ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋ ጋሽ ከድሩ «ሂድ!» ብለው በእጃቸው ሸኙት። አፍናንም ዕቃዋን አወረደች። «መልካ ወረር የትም አይሄድም» አለች።

ሀሰን ረጅም ዱላ የያዘ ጎልማሳ ነው። ሰላምታ አቀረበና ሳይቀመጥ ጀመረ። «አንተ ነህ ከድሩ? ትናንት ምልክቱ ቀኝ ነበር። ዛሬ ግራ ሆነ። ነገ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ልታወጣው ነው?»

አፍናን ለመመለስ አፏን ከፈተች። ጋሽ ከድሩ ግን በዓይናቸው አስቆሟት። ያ ሁሉ መንገድ ሲናገሩት የመጡት ጥርጣሬ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጥቶባቸዋል፤ መመለስ ያለባቸውም እሳቸው እንደሆኑ ገባቸው።

«መጠርጠርህ ደግ ነው» አሉት። «እኔም ከሰመራ ጀምሮ ስጠረጥር ነው የመጣሁት። እስኪ ና፣ አጠገቤ ቁም። ዱላህን በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?»

«በቀኝ። አይታይህም?»

ጋሽ ከድሩ ስልኩን ዘርግተው ሁለቱን በፊት ካሜራ አነሱ። ከዚያ ስልኩን ለአፍናን ሰጡና እሷ ደግሞ በኋላው ካሜራ አነሳቻቸው። ጋሽ ከድሩ ስልካቸውን ለሰው እጅ ሲሰጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱን ፎቶ ለሀሰን አሳዩት።

ሀሰን አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ዱላውን አየ። «ይህኛው ግራኝ ነው» አለ።

«ግራኙ እኔ በፊት ካሜራ ያነሳሁት ነው። የእኅቴ ልጅም ዳልቺትን ያነሳት እንዲህ አድርጎ ነው። ሰው ሳይዋሽ ስልክ ይገለብጣል። ይህችን ልጅ ብሰማት ኖሮ ሚሌ ሳንደርስ በገባኝ ነበር።»

ሀሰን ገና አልጨረሰም። «ፎቶውን ተቀበልኩ። ሰውየውን ግን አልተቀበልኩም። ፎቶ ላይ የሌለ ምልክት ንገረኝ።»

«ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጥ ነጭ ነገር አለ» አሉ ጋሽ ከድሩ ሳያስቡ። «ጆሮዋን መንካት ግን አይሆንልህም። ትነክሳለች።»

ሀሰን የግራ እጁን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። «ነክሳኛለች» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ወልዳለችም። ሴት ናት።»

ጋሽ ከድሩ ያገኙት ወንበር ላይ ተቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ። ሰው አየኝ አላየኝ አላሉም።

ወደ ሀሰን መንጋ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ያን የመጀመሪያውን ፎቶ ሰው ሲያሳየው ዳልቺት ፊቱ ቆማ ነበር። የስልኩን ብርሃን ጨምሮ አጠገቧ ይዞ አስተያያት። ምልክቱ ያው ነው፤ ጎኑ ግን ሌላ ነው። «የኔዋ እንግዳ በግራ ነች፤ ይህ ሰው የሚፈልገው የጎረቤቶቼን ነው ብዬ ተናደድኩ። ሽማግሌዎች እስከ ጁምዓ ጠብቅ ብለውኛል። ባለቤት ካልመጣ ግልገሏ ላይ የኔን ምልክት አደርግ ነበር። ምልክት ከተደረገባት በኋላ ብትመጣ ነገሩ በእኔና በአንተ ብቻ አይቀርም ነበር።»

ጋሽ ከድሩ ይህን ሲሰሙ እርምጃቸውን አቆሙ። በዚያች በተገለበጠች ፎቶ የተነሳ ሁለት ቤተሰብ ሊጣላ፣ ግልገሏም በሰው ምልክት ልታድግ እንደነበር አሁን ነው በደንብ የታያቸው። ማንም ሳያጠፋ የሚደርስ ጥፋት ይከብዳል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የለውማ።

«አፍናን» አሉ፣ ስሟን ሲጠሩ ይህ መጀመሪያቸው ነው፤ «አዋሽ ስገባ ከብቶቼን ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ። ሳይጠፉ፣ በደህና ቀን። እያንዳንዱን በግራውም በቀኙም። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት ጋሼ። ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ፀሐዩ ዝቅ ሲል። በስልኩ የኋላ ካሜራ። ዋናውን ሳይነኩ ያስቀምጡ። ከብት ሲታመምብዎ ደግሞ ቁስሉን ከቅርብ፣ ከብቱን ከሩቅ አንስተው ይላኩልኝ፤ ሐኪሙ መንገድ ሳይወጣ መድኃኒቱን ያውቃል።»

«ደላላም ከብቴን ሳያይ ‹ከሲታ ነው› ብሎ አይከራከረኝም» አሉ ጋሽ ከድሩ፣ ነገሩ እየጣማቸው። «ሀሰን፣ ያንተንም እናንሳ። በድርቅ ጊዜ መንጋ ሲቀላቀል ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ይኖርሃል። ሰው በመሐላ ከሚጣላ በፎቶ ቢስማማ አይሻልም?»

«ፎቶዎቹን ማን ያያቸዋል?» አለ ሀሰን ወዲያው።

ጋሽ ከድሩ ሳቁ። «ይኸውልህ፣ ተጠራጠር! አንተ ያላልከው ሰው አያያቸውም። በአንተው ስልክ ላይ ይቀመጣሉ። ጣትህንም እኔ በአፌ እመራልሃለሁ።»

ዳልቺት ከአንዲት ግራር ሥር ቆማለች። ግልገሏ በቀጫጭን እግሮቿ እየተንገዳገደች ከሆዷ ሥር ትገባለች፣ ትወጣለች። ጋሽ ከድሩ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ ቀረቡና ዳልቺትን አንገቷን አሻሹ፤ ጆሮዋን ግን አልነኩም። ከዚያ ዞረው ፀሐዩን ጀርባቸው ላይ አደረጉ፣ ወደ ኋላ አሉ፣ ጉልበታቸው እየጮኸ ቁጢጥ አሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አነሱ።

አፍናን የተነሳውን አየችና ሳቋን ያዘች። «ጋሼ፣ ጣትዎ ገብቷል። ጥጉን ሸፍኖታል። ልቁረጠው?»

ጋሽ ከድሩ አዩት። እናቲቱም ግልገሏም አሉ፤ በጥጉ ላይ ደግሞ የራሳቸው ወፍራም የጎሚስታ ጣት ጨረቃ አክሎ ተቀምጧል።

«አትቁረጪው» አሉ። «ይህ ለኔ ነው። በተገኙበት ቀን አጠገባቸው እንደነበርኩ ይመስክርልኝ። ለሰው የሚሆነውን አሁን አነሳለሁ።»

ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ከካሜራው ዓይን ራቅ አድርገው ያዙት፣ ትንፋሻቸውንም ዋጥ አደረጉ። ግልገሏ ከእናቷ ተነጥላ በጎኗ እስክትቆምላቸው ድረስ ጠበቁና፣ ገና ምልክት ያልተደረገበትን ግራ ጎኗን አነሱ።